የአውቶሞቢል ራዲዮና የባለቤቱ ምርጫ

መኪና የገዛ ሰው ከፋብሪካ ተገጥሞ የመጣው ራዲዮ ባያረካው፣ አውጥቶ የሚሻለውን ሊተካ ይመኛል። ይህ ምኞት ዛሬ ስለ ምን አስቸጋሪ እንደ ሆነ ለማስተዋል ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ይገባል። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ራዲዮ ከመኪና ጋር አብሮ የሚወለድ ዕቃ አልነበረም። በ1930 ፖል ጋልቪን የተባለ የቺካጎ ሰው በመኪናው ራዲዮ አስገጥሞ፣ የራዲዮ ሠሪዎች ጉባኤ ወደሚደረግበት ወደ አትላንቲክ ሲቲ ነዳ፤ በአዳራሹ ማሳያ ስፍራ ስላልነበረው መኪናውን ከደጅ አቁሞ ድምፁን ከፍ በማድረግ ገዢ ሳበ። ዕቃውንም ሞቶሮላ ብሎ ሰየመው። በጀርመን አገር ብላውፑንክት በ1932 ያወጣው ራዲዮ 15 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። በዚያ ዘመን ገጣሚው አንቴናውን መዘርጋት፣ ድምፅ ማጉያውን ለብቻው ማሰር፣ ከካንዴላ ብልጭታ የሚነሣውን ጩኸት ማፈን ነበረበት። ሥራው አድካሚ ቢሆንም ምርጫው የባለ መኪናው ነበር።

ኋላ ፋብሪካዎች ራሳቸው ይገጥሙት ጀመር። መልካሙ ዘመን የመጣው ግን ልኩ በተወሰነ ጊዜ ነው። ጀርመኖች የራዲዮውን ፊት ወርዱ 18፣ ከፍታው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ደነገጉ፤ ይኸው በ1980ዎቹ ዓመታት ዓለም አቀፍ ደንብ ሆነ። አንዳንድ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ልክ ይዘው ቢቆዩም፣ የአንዱ ሠሪ ራዲዮ በሌላው መኪና ለመግባት ቻለ። ዳሩ ግን በዚሁ ቅለት ሌባም ተጠቀመ። ስለዚህ ባትሪው በተፈታ ቁጥር ምስጢራዊ ቁጥር የሚጠይቅ ራዲዮ ወጣ፤ ቁጥሩ የጠፋበት ባለቤትም ከሌባው እኩል ተከለከለ።

በ1986 ደግሞ ቦሽ የመኪናን ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በጥቂት ሽቦ እርስ በርሳቸው የሚያነጋግር ዘዴ አስተዋወቀ። ይህ ዘዴ የሽቦውን ብዛት ቢቀንስም፣ ውሎ አድሮ ራዲዮውን ከሌላው አካል ጋር አቆራኘው። ዛሬ በብዙ መኪና የማቀዝቀዣው ትእዛዝ፣ የማስጠንቀቂያው ደወልና የኋላ ካሜራው ሥዕል በአንድ ሰሌዳ ያልፋሉ። በአሜሪካም ከ2018 ጀምሮ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ታዟል። እንግዲህ ራዲዮውን የነቀለ፣ ሕይወት የሚጠብቀውንም ሊነቅል ይችላል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ክሩስኮቱን ከማስፈታትህ በፊት ከራዲዮው ጋር ምን ምን እንደ ታሰረ አስቀድመህ ጠይቅ። ሠሪዎችም ለመግጠም የተጠበቡትን ያህል ለመፍታትም ቢያስቡ መልካም ነው፤ ሰው በገንዘቡ የገዛውን ዕቃ ሊለውጠው ካልቻለ፣ ባለቤትነቱ ከስም አያልፍምና።