በሰበታና በቡራዩ በር የገባው ቡና

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ቡና አብቃይ አይደሉም። ይሁን እንጂ የጅማ ቡና በሰበታ፣ የወለጋው በቡራዩ በኩል አዲስ አበባ ሲገባ ዘመናት ተቆጥረዋል። ከከተማዋ ነባር ቡና ቆልተው ሻጮች አንዱ የሆነው የፒያሳው ቶሞካ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ ስሙም ዘመናዊ ቡና መቁያ ከሚል የጣሊያንኛ ሐረግ ያጠረ ነው።

ነገር ግን ምርጡ ቡና ለውጭ ገበያ ስለሚታጨድ ሳይሆን ስለሚመደብ፣ የአገሩ ጠጪ ለረጅም ዓመታት የደረሰው ከኤክስፖርት ደረጃ የወደቀው ነው። ቡና በተገኘበት አገር ይህ ያሳዝናል። ገበሬውም ቢሆን ቡናው በጨረታ ካለፈ በኋላ የት እንደደረሰ አያውቅም ነበር።

በ1991 ዓ.ም. የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 ወጣ። በዚያው ዓመት 34 መሠረታዊ ማኅበራት የኦሮሚያ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቋቋሙ። ዩኒየኖች ጨረታውን ሳይጠብቁ በቀጥታ ለውጭ ቆይዎች የመሸጥ ፈቃድ አገኙ። በ2001 ዓ.ም. የምርት ገበያው የቡና ግብይት ሲጀምር የግል አቅራቢዎች ቡና በደረጃ እየተደባለቀ የቀበሌውን ስም አጣ፤ በቀጥታ የሚሸጠው የማኅበራቱ ቡና ግን ከነመገኛው ስም ተጓዘ።