ተከሳሿ ጥንዚዛ ብቻ አይደለችም

የሕግ ሰው ስለ ነፍሳት ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። እኔን ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የሆላንድ ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)።

በሆላንድ፣ በተለይም ፌሉዌ በሚባለው አካባቢ፣ ሄዘር የተባለ ቁጥቋጦ የለበሱ ሰፋፊ አሸዋማ ሜዳዎች አሉ። ሄዘር በባሌና በስሜን ተራሮች ከምናውቀው አስታ ጋር አንድ ቤተሰብ ቢሆንም አጭር ነው። ጠላቱ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ጥንዚዛ ናት። እሷም እጮቿም ቅጠሉን ይበላሉ፤ በወረርሽኝ ዓመት ሜዳው እሳት የለበለበው ይመስላል።

ድሮ ቁጥቋጦው መልሶ ያቆጠቁጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ግን በተበላው ሄዘር ቦታ ሣር ገብቶ በዚያው ቀረ። ከአገሪቱ የሄዘር ሜዳ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወደ ሣር ተለወጠ።

ለዚህ ዋናው ምክንያት ከከብት፣ ከአሳማና ከዶሮ እርባታ ፍግ የሚተነው አሞኒያ ነው፤ የመኪናና የፋብሪካ ጭስም ይጨመርበታል። ሄዘር የድሃ አፈር ተክል ነው። ናይትሮጅን ሲበዛ ቅጠሉ ለእጮቹ የተሻለ ምግብ ስለሚሆን ፈጥነው ያድጋሉ፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱ ብርሃን ሲያገኝ ደግሞ ሳይዘሩት ማዳበሪያ የተረጨለት ሣር ይቀድማል። ጥንዚዛዋ በር ከፈተች እንጂ ቤቱን የወረሰው ሌላ ነው። አሁን የሜዳዎቹ ጠባቂዎች ሣሩን ከነአፈሩ እየገፈፉ ያነሳሉ። የጥንት ገበሬዎችም እንዲሁ ይገፉ ነበር፤ እነሱ ግን ከበግ ፍግ ጋር ቀላቅለው ለእርሻቸው ማዳበሪያ ለማድረግ ነበር።

አጥፊው ብዙ ሲሆን ሕግ ይቸገራል። «ሜዳውን ያጠፉት የእኔ ላሞች ናቸው?» ለሚል ገበሬ መልስ መስጠት ቀላል አይደለም። ሜይ 29 ቀን 2019 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ብክለቱ ወደፊት ይቀንሳል በሚል ተስፋ ዛሬ ፈቃድ የሚሰጥበትን አሠራር ሻረ። ውሳኔው ትክክል ነው እላለሁ፤ ገና ያልተገኘ ጥቅም ማስረጃ አይሆንም። በዚያው ዓመት ገበሬዎች በትራክተር ወደ ሄግ ተመሙ። ጃንዋሪ 22 ቀን 2025 ደግሞ የሄግ ፍርድ ቤት ግሪንፒስ ባቀረበው ክስ፣ ለናይትሮጅን ተጋላጭ ከሆነው የተፈጥሮ ቦታ ግማሹ እስከ 2030 ከጉዳት ወሰን በታች እንዲሆን፣ ካልሆነ መንግሥት 10 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ወሰነ።

እኔን የሚያሳስበኝ የአነስተኛ በካዮች ጉዳይ ነው። መንግሥት «ፈቃድ አያስፈልጋችሁም፣ ማሳወቅ ይበቃል» ብሏቸው አሳወቁ፤ ከ2019ኙ ውሳኔ በኋላ ግን ያለ ፈቃድ የሚሠሩ ሆነው ተገኙ።