ጎሽና አረር

በአፍሪካ የአደን ታሪክ ውስጥ ጎሽን ያህል ጠመንጃ ሠሪዎችንና አዳኞችን ያከራከረ አውሬ ጥቂት ነው። ኮርማው ከ500 እስከ 900 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ቆዳው ወፍራም፣ የጎድን አጥንቱም ሰፊ ነው። ቆስሎ ያመለጠ እንደ ሆነ ከጥሻ ገብቶ ይቆማል፤ ዱካውን የተከተለውንም ሰው ከቅርብ ይወጣበታል። ክርክሩ ሁሉ የመነጨው ከዚሁ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የነበረው መልስ አረሩን ማወፈር ነበር። ጥቁሩ ባሩድ አረርን ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ማስፈንጠር ስለማይችል፣ የጎደለው ኃይል በክብደት ይካካስ ነበር። የአፈሙዙ ስፋት የሚለካው ከአንድ ፓውንድ እርሳስ በሚወጡት ድብልብል አረሮች ቁጥር ነበርና፣ «ባለ አራት» የተባለው ጠመንጃ 113 ግራም ያህል የሚመዝን አረር ይጎርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1871 በ19 ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ የደረሰው እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ሴሉስ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ያደነው በዚህ ዓይነት ጠመንጃ ነው። የሰደፉ ምት መንፈሱን እንዳወከውና ኋላም ዒላማውን እንዳበላሸበት ራሱ በጸጸት ጽፎአል። ለኃይል ሲባል የተሠራው መሣሪያ የሚያነጣጥረውን ሰው ጎዳ ማለት ነው።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያገኝ ሁኔታው ተለወጠ። በኢትዮጵያም «ለበን» በሚል ስም የታወቀው የ1886ቱ የፈረንሳይ ጦር ጠመንጃ የዚህ ግኝት ውጤት ነው። ከ1898 ጀምሮ የለንደኑ ሠሪ ሪግቢ ለትልልቅ አውሬ ያቀረበው ጥይት ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል፣ የአረሩ ክብደት 31 ግራም ብቻ ነበር፤ ፍጥነቱ ግን በሴኮንድ 655 ሜትር ገደማ ደረሰ። በ1912 ደግሞ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል የሆነውን ጥይት አወጣ።

እስከ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዘለቀው ስኮትላንዳዊው ቤል ከዚህም አልፎ፣ በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ እጅግ ብዙ ዝሆኖች ገደለ። የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ የአንጎሉን ሥፍራ አጥንቶ ነበርና። ምሳሌነቱ ግን ጠመንጃውን እንጂ እጁን ያልወረሱትን ብዙዎች አሳስቶአል።

የጎሽ ልብ ብዙዎች እንደሚገምቱት ከትከሻው እኩሌታ ላይ አይደለም፤ ዝቅ ብሎ በሁለቱ ወርቾች መካከል፣ ከፍርምባው በላይ ነው። ከሻኛው ሥር ያሉት የአከርካሪ አጥንት ዘንጎች ረጃጅሞች በመሆናቸው ገላው ከውስጥ ዕቃው ይልቅ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከፍ አድርጎ የተኮሰም ሰው አውሬውን አቁስሎ ይሸኘዋል። በጎኑ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ተከትሎ፣ ከደረቱ ሥር የቁመቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ብሎ ማነጣጠር ይገባል። ፊት ለፊት ሲመጣ የኮርማው ቀንዶች ግንባሩ ላይ ገጥመው እንደ ጋሻ ይከልሉታል፤ አንጎሉ ከዚያ በታች ነው። ብረት ለበስ አረር ደግሞ አንዱን በስቶ ከኋላ የቆመውን ሌላ ጎሽ ሊያቆስል ይችላል።

ጆን ቴይለር በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ ክብደትን፣ ፍጥነትንና ውፍረትን አባዝቶ የጥይትን ኃይል በቁጥር ለመመደብ ሞከረ። ስሌቱ ያነጣጠረው ሰው እጅ ምን ያህል እንደሚንቀጠቀጥ አይጨምርም። ኬንያ በ1977 አደንን ከለከለች፤ አደን በሚፈቀድባቸው በርካታ አገሮች ሕጉ ለጎሽ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ዝቅተኛ ውፍረት ይጠይቃል።

የቅኝ ግዛት ዘመን አዳኞች የአረራቸውን ክብደት እስከ ቅንጣቱ ሲመዘግቡ፣ ዱካ የሚመራቸውን አገሬ ስም ብዙ ጊዜ ሳይጽፉ አልፈዋል። ጎሽ ከቆሰለ በኋላ ጥቂት መጠበቅ ልማድ ነው፤ ከዚያም ደሙን እያየ፣ አጎንብሶ፣ ከባለ ጠመንጃው ፊት ወደ ጥሻው የሚገባው ይኸው ሰው ነበር።