በእጇ የሸመነችው ቡርዳ



ዒድ ሲደርስ ወይም የጓደኛችን ኒካሕ ሲቃረብ ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ብር እንልካለን። ትንሽ ከተሻለን ደግሞ ሱቅ ገብተን በላስቲክ የታሸገ ዕቃ እንገዛለን። በእጃችን የሠራነውን ይዞ መሄድ ግን ያሳፍረናል፤ «ገንዘብ ቢያጣ ነው» እንዳንባል እንፈራለን። ይህ ሐፍረት ከየት መጣ? ከዲናችን እንዳልመጣ ግን አንድ ሐዲስ ይበቃናል።

ሐዲሱን የሚተርክልን ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ነው። ሰህል የመዲና አንሷር ነው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አኺራ ሲሄዱ ገና የ15 ዓመት ልጅ ነበር። ዕድሜው ረዝሞ በመዲና መጨረሻ ላይ ከሞቱት ሰሓቦች አንዱ ሆነ። ታሪኩን ሲያወራ አድማጮቹን ቡርዳ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ጠርዙ አብሮ የተሸመነ ኩታ መሆኑም በሐዲሱ ውስጥ ተብራርቷል።

አንዲት ሴት እንዲህ ያለ ቡርዳ ይዛ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣች። በገዛ እጇ እንደሸመነችውና እንዲለብሱት እንዳመጣችው ነገረቻቸው። እሳቸውም ልብስ ያስፈልጋቸው ነበርና ተቀበሏት፤ አሸርጠውትም ወደ ሰሓቦቹ ወጡ። ከተቀመጡት አንዱ ቡርዳው አማረውና እንዲሰጡት ጠየቃቸው። ወደ ቤት ገብተው አጥፈው ላኩለት። ሌሎቹ ሰሓቦች ሰውየውን ወቀሱት፦ ራሳቸው እንደሚያስፈልጋቸው፣ የለመናቸውንም እንደማይመልሱ እያወቀ እንዴት ይጠይቃል? እሱ ግን የጠየቀው ሊለብሰው ሳይሆን ከፈኑ እንዲሆነው ብቻ እንደነበር በአላህ ስም ማለ። ሰህል እንደነገረን ከፈኑም ሆነ።

የሴትየዋ ስም በሐዲሱ አልተጠቀሰም። በእጇ መሸመኗ ግን ተጠቅሷል። በዚያን ዘመን ከየመን የሚመጣ ቡርዳ በመዲና ይታወቅ ስለነበር የተገዛ ልብስ ማምጣትም ይቻል ነበር። ሽመና ደግሞ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ክሩ መጀመሪያ መፈተል አለበት፣ ከዚያ ድሩ ይዘረጋል፣ ከዚያ ማጉ በየመስመሩ ይገባል። ያን ሁሉ ጊዜ ሸማኔዋ የምታስበው የሚለብሰውን ሰው ነው።

መድረሳ የቀራ ሰው ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው በጀናዛ ምዕራፍ፣ በከፈኑ ምክንያት ነው። ኢማሙ ቡኻሪ ግን በንግድ ምዕራፍም አስገብተውታል፤ የንዑስ ምዕራፉም ርዕስ «ሸማኔ» የሚል ነው። ይህን ስናነብ የራሳችን አገር ትዝ ይለናል። በሰሜን ኢትዮጵያ ርስት የተነፈጉ ሙስሊሞች በንግድና በሽመና ሲተዳደሩ ኖረዋል። ጋቢውን ለብሶ የሚሞቅ ሰው «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ስድብ አደረገው። የእጅ ሥራ ያሳፍረናል ስንል፣ ያቺን ስድብ ሳናውቀው እየደገምናት እንዳይሆን።

እናታችን ዘይነብ ቢንት ጀሕሽን (ረ.ዐ) እንይ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለባለቤቶቻቸው ከመካከላቸው ቀድማ የምትከተላቸው እጀ ረጅሟ እንደሆነች ነግረዋቸው ነበር። እነሱም እጃቸውን ይለካኩ ጀመር። ነገሩ የገባቸው ቁመቷ አጭር የነበረው ዘይነብ በ20ኛው ዓመተ ሂጅራ ቀድማ ስትሞት ነው። ዘይነብ ቆዳ ታለፋ፣ ትሰፋም ነበር፤ ያገኘችውንም ትሰድቅ ነበር። የእጇ ርዝመት ይህ ነበር።

ቆዳ የሚሰፋው በወስፌ ነው። ወስፌ ሲባል ደግሞ ሐረር ትታወሰናለች። በጀጎል ግንብ ውስጥ የሐረሪ ሴቶች የሣር እንጨት እንጨቱን አጠማዝረው፣ በወስፌ እየወጉ፣ በቀለም በተነከረ አለላ እየጠቀለሉ ስፌት ይሰፋሉ። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን የሞሉትን ስፌቶች ነው። አብዛኞቹ ጌጥ ብቻ አይደሉም፤ ከሠርግና ከዝምድና ጋር የተያያዙ ናቸው። ክዳኑ ሾጣጣ ሆኖ ወደ ላይ የሚወጣ፣ ስሙም በአማት የተሰየመ ስፌት አለ፤ ሙሽራዋ ለባሏ እናት የምትሰጠው ነው። አንድ ጥሩ ስፌት ወራት ይፈጃል። ልጃገረዶች ሙያውን የሚማሩት ከአንዲት አዋቂ ሴት ዙሪያ ተሰብስበው፣ እያዩና እየፈቱ እንደገና እየሰፉ ነው።

ዛሬ ስፌቱ ለጎብኚም ይሸጣል፤ ለሰፊዎቹ ገቢ ስለሆነ እንደግፈዋለን። ይሁን እንጂ ለገበያ የምትሰፋዋ ሴት ማን ገዝቶ የት እንደሚያስቀምጠው አታውቅም። ለአማቷ የምትሰፋዋ ልጅ ግን ስፌቱ የትኛው ቤት፣ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል ገና ስትጀምረው ታውቀው ነበር።