የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤና የሐያሲው መልስ

ሒስ የሚለው ቃል ከግዕዙ «ሔሰ» የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው ነቀፈ ማለት ነው። ምናልባት ከዚህ የተነሣ ይሆናል፣ በብዙ ሰው ዘንድ ሐያሲና ተሳዳቢ እንደ አንድ የሚቈጠሩት። የሰውን ሥራ መዝኖ የጻፈ ሁሉ ባለ ሥራውን ያዋረደ እየመሰለ ስለሚታይ፣ ከባለ ሥራው፣ ከዘመዱና ከወዳጁ ቁጣ ይደርስበታል። እንዲህ ያለ ቁጣ ሲደርስበት ሐያሲው ምን ማድረግ ይገባዋል? ፈርቶ የጻፈውን ይሽራልን? ወይስ ስድቡን በስድብ ይመልሳል? በዚህች አጭር ጥናት ይህን ጥያቄ በአንድ የታወቀ ታሪክ እንመረምራለን፤ ይኸውም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ለሙዚቃ ሐያሲው ለፖል ሂዩም የጻፉት ደብዳቤ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የፕሬዚዳንቱ ብቸኛ ልጅ ወይዘሪት ማርጋሬት ትሩማን ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሬዲዮና በልዩ ልዩ ከተሞች መድረክ ሲያዜሙ ቈይተው፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1950 ዓ.ም. በዋሽንግተን ከተማ በኮንስቲቲውሽን ሆል አዳራሽ ቀረቡ። ዕድሜያቸው 26 ዓመት ነበረ። በአዳራሹ አባታቸውና ለጉብኝት የመጡት የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሌመንት አትሊ ተገኝተው ነበር።

በማግሥቱ ዋሽንግተን ፖስት የተባለው ጋዜጣ የሙዚቃ ሐያሲውን የፖል ሂዩምን ጽሑፍ ይዞ ወጣ። ሂዩም በዚያን ጊዜ የ34 ዓመት ሰው ነው። ዘፋኚቱ በመድረክ ላይ ሲታዩ እንደሚያምሩ፣ ድምፃቸውም ትንሽ ቢሆን ደስ የሚያሰኝ መሆኑን መሰከረ። ነገር ግን ጥሩ አድርገው መዝፈን እንደማይችሉ፣ ብዙ ጊዜ ድምፃቸው ከሚገባው ልክ ዝቅ እንደሚል፣ እርሱ በሰማቸው ዓመታት ውስጥም መሻሻል እንዳላሳዩ በግልጥ ጻፈ። ቃሉ ይመራል፤ ሆኖም የተመዘነው ዜማው ነው። ሐያሲው ለሌላ ዘፋኝ የሚጠቀምበትን ሚዛን ለፕሬዚዳንቱ ልጅ ሲል አልለወጠም።

የአባትየውን ቁጣ ለመረዳት የዚያን ሳምንት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በኖቬምበር መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱን ለመግደል ሙከራ ተደርጎ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ የቻይና ጦር በኮሪያ በብዛት ገብቶ የአሜሪካንን ሠራዊት ወደ ኋላ ይገፋ ጀመር። (በዚሁ ጦርነት በ1951 ዓ.ም. የእኛም የቃኘው ሻለቃ መሰለፉ የታወቀ ነው።) ከዚህም ሁሉ በላይ የፕሬዚዳንቱ የፕሬስ ጸሐፊ፣ ከልጅነት ጀምሮ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው የነበሩት ቻርልስ ሮስ፣ ዘፈኑ በሚቀርብበት ቀን ከሥራ ጠረጴዛቸው ሳይነሡ በድንገት ሞቱ። ልጃቸው በመድረክ ላይ እንዳትሸበር መርዶው እስኪጨርሱ ድረስ ተደበቀባቸው። ፕሬዚዳንቱ ግን ኀዘናቸውን ይዘው በአዳራሹ ተቀምጠው ነበር።

በዚህ ሁኔታ ሳሉ ጠዋት ጋዜጣውን ያነበቡት ትሩማን ለረዳቶቻቸው ሳያሳዩ በገዛ እጃቸው ደብዳቤ ጽፈው ላኩ። ሂዩምን ያሰበው ያልተሳካለት ምስኪን ሰው አደረጉት። አንድ ቀን ቢገናኙ አዲስ አፍንጫ እንደሚያስፈልገው፣ ለሚያብጡት ዓይኖቹም ብዙ ሥጋ እንደሚሻ አስጠነቀቁት፤ በአገራቸው ቡጢ ያሳበጠው ዓይን ላይ ጥሬ ሥጋ ማድረግ የተለመደ ነበርና።

እንግዲህ የጥናታችን ዋና ነገር ከዚህ ይጀምራል። ሂዩም በመጀመሪያ ደብዳቤው የእውነት ከፕሬዚዳንቱ መሆኑን ተጠራጠረ፤ ለጋዜጣው አለቆችም አሳያቸው። እነርሱም ላለማተም ወሰኑ። ወሬው ግን በሌላ ጋዜጣ ባልደረባ ጆሮ ገብቶ ዲሴምበር 8 ቀን በዋሽንግተን ዴይሊ ኒውስ ታትሞ ወጣ። አገሩ ሁሉ በሚነጋገርበት ጊዜ ሂዩም የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ የቅርብ ወዳጁን ያጣና የዓለምን ጭንቅ የተሸከመ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቢቈጣ ሊታለፍለት ይገባል የሚል ነው።

በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ነገር እናያለን። አንደኛ፣ ሐያሲው ከጻፈው አንዲት ቃል አልሻረም፤ ዘፈኑ መልካም ነበር ብሎ ራሱን ለማዳን አልሞከረም። ሁለተኛ፣ ስለ ዜማ የሰጠውን ፍርድና ስለ አንድ ኀዘንተኛ አባት ያለውን ርኅራኄ አላደባለቀም። የፍርዱን ጽናት በዝምታ ጠብቆ፣ ርኅራኄውን በንግግር ገለጠ። ወይዘሪት ማርጋሬት ራሳቸውም ሂዩም መልካም ሐያሲ መሆኑንና ያሰበውን ለመጻፍ መብት እንዳለው ተናገሩ።

ትሩማን በበኩላቸው ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ከእኔ ጋር ይሆናል ብለው ያምኑ ነበር። እርግጥም ብዙ ወላጆች ጻፉላቸው፤ ነገር ግን ከእነዚህ አንዳንዶቹ ልጆቻቸው በኮሪያ የሞቱባቸው ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ስለ አንድ ዘፈን ይህን ያህል ከተቈጡ፣ እኛ ልጃችንን ያጣነው ምን እንበል? አሉ። ከእነርሱ አንዱ ቤተ ሰብ ለልጁ ሞት የተሰጠውን ሜዳይ መልሶ ላከላቸው። ትሩማን በ1972 ዓ.ም. ሲሞቱ ይህ ደብዳቤ ከሜዳዩ ጋር በጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ተገኘ።

አባቶቻችን «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ። ፕሬዚዳንቱ ለወለዷት ሲሉ ለማዕረጋቸው የሚገባውን ቃል ጣሉ፤ ሐያሲው ግን ቃሉን አጸና። ይሁን እንጂ ሂዩምን ያለ ልክ ማመስገን አይገባም። ከኋላው ጋዜጣውና የአገሩ የፕሬስ ነፃነት ነበሩ፤ ደብዳቤውንም ኋላ ሸጦታል። እንዲህ ያለ መከታ የሌለው ጸሐፊ ያው ትዕግሥት ብዙ ዋጋ ሊያስከፍለው ይችላል።

የነገሩም ፍጻሜ መልካም ሆነ። ሂዩም እስከ 1982 ዓ.ም. ድረስ የዚያው ጋዜጣ ሐያሲ ሆኖ ኖረ። በ1958 ዓ.ም. ትሩማንን በአገራቸው በኢንዲፔንደንስ በጐበኛቸው ጊዜ በደስታ ተቀበሉት። ወይዘሪት ማርጋሬትም ከጊዜ በኋላ ዘፈኑን ትተው በደራሲነት ታወቁ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር፣ መምህሩ የተሰበረውን በጓደኞቹ ፊት ያርምለታል፤ የሚታረመው ቅኔው እንጂ የተማሪው ትውልድ አይደለም። ዛሬ በመጽሔት የምንጻጻፈው ተማሪዎችም ይህንኑ ሥርዓት ልንይዝ ይገባናል። ሥራው ሲተች ዘመድ ተሰደበ የሚል አንባቢ ሁልጊዜ ይኖራል። ለእርሱ የሚበጀው መልስ የሂዩም ነው፤ ፍርድን ሳይለውጡ፣ ቁጣው የመጣበትን ኀዘን አይቶ ማለፍ።