እብናት፦ መልክዓ ምድርና ሥነ ምድር

እብናት በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን የሚገኝ ወረዳና የወረዳው ዋና ከተማ ስም ነው። በደቡብ ከፋርጣ፣ በምዕራብ ከሊቦ ከምከም፣ በሰሜን ከበለሳ ጋር ይዋሰናል። ደጋው ጠባብ ነው፤ አብዛኛው መሬት ወይና ደጋና ቆላ ነው።

ውኃ

እብናት የሁለት ተፋሰሶች መለያያ ነው። ደቡብ ምዕራቡ ውኃውን ለርብ ይሰጣል። ርብ ከጉና ተራራ ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል፣ ከዚያም የዓባይ ውኃ ይሆናል። ሰሜኑና ምሥራቁ ግን ወደ ተከዜ ይፈስሳል። በአንድ ሸንተረር ግራና ቀኝ የወረደ ዝናብ ተለያይቶ ከሄደ በኋላ እንደገና የሚገናኘው ሱዳን ውስጥ፣ የተከዜን ውኃ የሚይዘው አትባራ ከናይል ጋር በሚቀላቀልበት ስፍራ ነው።

አለቶች

የአካባቢው መሠረት ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቆች የወጣው ቅልጥ አለት ተደራርቦ የሰሜኑን ከፍተኛ ምድር ሠራ። የንጣፉ ውፍረት በአንዳንድ ቦታ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። አብዛኛው የፈሰሰውም በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደሆነ ይገመታል። ጉና ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው፤ በዚሁ ንጣፍ ላይ ቆይቶ የበቀለ፣ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ጥቂት የሚበልጥ እሳተ ገሞራ ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ከፍታ በየምንጩ መጠነኛ ልዩነት ይታይበታል።

መንገድ የቆረጠው ዳገት ላይ ባዛልቱ ሲበሰብስ በግልጽ ይታያል። ድንጋዩ ከዳር ጀምሮ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ፣ መካከሉ ላይ ጥቁርና ጠንካራ ድቡልቡል አለት ይቀራል። ጋዝ የተዋቸው ትናንሽ ቀዳዳዎችም በነጭ ማዕድን ተሞልተው ይገኛሉ።

ለእነዚህ የባዛልት ንጣፎች የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ ስያሜ የሰጠው ዊልያም ብላንፎርድ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከእንግሊዙ ናፒየር ጦር ጋር መቅደላ የዘለቀ የሥነ ምድር ባለሙያ ሲሆን፣ የታችኞቹን «አሸንጌ»፣ የላይኞቹን «መቅደላ» ብሎ ከፈላቸው። ጦሩ ከመቅደላ ወደ ባሕር ስለ ተመለሰ ለእብናት የሚቀርበውን የደብረ ታቦርን ምድር አላየም። በመሆኑም የእርሱን ክፍፍል እንዳለ ወስዶ እብናት ላይ ማሳረፍ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የጣና ዝቅታ አመጣጥ

በምዕራብ በኩል መሬቱ የሚያዘነብልበት የጣና ዝቅታ እንዴት እንደ ተፈጠረ ባለሙያዎች አልተስማሙም። የቆየው አስተያየት ዓባይ በሚወጣበት በባሕር ዳር በኩል የፈሰሰ ወጣት ባዛልት ወንዙን ገድቦ ሐይቁን ሠራ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የሾሮዊችና ባልደረቦቹ ጥናት ደግሞ ዝቅታውን የሦስት ስምጦች መገናኛ ያደርገዋል፦ የጎንደር፣ የደንገል በርና የደብረ ታቦር። በዚህ አመለካከት የእብናት አጎራባች ምድር የታሪኩ አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፕሬቭና ባልደረቦቹ ጥናት በበኩሉ ከ31 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የደረሱ ግዙፍ የአመድ ፍንዳታዎችን ያነሣል፤ ዝቅታውንም ከዚያ ተከትሎ ከመጣው የመሬት መደርመስ ጋር ያያይዘዋል።

ሦስቱ የግድ አይጣሉም። የዝቅታው አፈጣጠር አንድ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘውን ውኃ ማን ያዘው የሚለው ሌላ። መደርመሱ ወይም ስምጡ ጎድጓዳውን ቢያስገኝ፣ ባዛልቱ በሩን ቢዘጋ የሚያስደንቅ አይሆንም። ሐይቁ እንኳ ሁልጊዜ አልነበረም፤ የደለል ናሙናዎች ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደ ነበር ያሳያሉ።

አፈርና አየር

ሜዳው ዋልካ፣ ዳገቱ ቀይ አፈር፣ ገደላማው ጭንጫ ነው። ዝናቡ በክረምት ይከማቻል፤ ቆላው ዝናብ ያጥረዋል።

ድርቅ

እብናት በውጭው ዓለም ዜና የተነሣው በ1977 ዓ.ም. ነው። በረሃቡ ምክንያት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የተጠለለበት የእርዳታ መጠለያ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በወታደሮች ኃይል ተበተነ፤ ጎጆዎቹም ተቃጠሉ። የተጠለሉት ገበሬዎች ያርሱት የነበረው ምድር ደረቅና የተሸረሸረ ነበር። ያም ሆኖ ከእርዳታ ያባረራቸው ድርቁ አልነበረም።

የርብ ግድብ

በፋርጣና በእብናት ወሰን ላይ ርብን ያቋረጠው ግድብ 73.5 ሜትር ከፍታ ሲኖረው፣ ለመስኖ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ እንዲይዝ ታቅዶ ተሠርቷል። ከላይ ያለው ዳገት በእርከን ካልተያዘ የሚታጠበው አፈር ይህንኑ የውኃ መያዣ ይሞላዋል። ደለሉ በፎገራ ሜዳ የርብን አልጋ ከፍ አድርጎ ጎርፍ እንዳባባሰ ይታወቃል።