የሙሉጌታ ሥራው ችሎት፦ ሚዲያው ያደላው ለማን ነበር?

የጽንፈኞች የፍርድ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር «ሚዲያው ያዳላል» የሚል ክስ አብሮ ይነሳል። አንዱ ወገን «ለገዳዮቹ መድረክ ሰጡ» ይላል። ሌላው «ዳኛው ሳይፈርድ ጋዜጣው ፈረደ» ይላል። ለዚህ ክርክር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የራሳችን ሰው ደም የፈሰሰበት ታሪክ አለ።

ሙሉጌታ ሥራው ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ለአንድ የመኪና አከራይ ድርጅት የኤርፖርት ተሳፋሪ እያመላለሰ ይኖር ነበር። ትንሽ ልጁ አገር ቤት ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 13 ቀን 1988 (በእኛ ኅዳር 4 ቀን 1981 ዓ.ም.) ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት ኢትዮጵያውያን ጓደኞቹ በመኪና ቤቱ ሲያደርሱት፣ ራሳቸውን የተላጩ የነጭ ዘረኛ ቡድን አባላት መንገድ ላይ ገጠሟቸው። ኬኔት ሚስኪ የተባለው በቤዝቦል ዱላ ጭንቅላቱን መትቶ ገደለው።

አሁን ወደ ሚዲያው እንምጣ። ከግድያው አሥር ቀን በፊት በታዋቂው የጄራልዶ ሪቬራ የቴሌቪዥን ሾው ቀረጻ ላይ ዘረኛ ወጣቶች ተጋብዘው ነበር። ነገሩ በወንበር መወራወር አለቀ፤ የአዘጋጁም አፍንጫ ተሰበረ። ከተጋባዦቹ አንዱ ጆን ሜትዝገር ነበር፤ «ዋይት አርያን ሬዚስታንስ» የተባለውን ድርጅት የመሠረተው የቶም ሜትዝገር ልጅ። ጥላቻ ተመልካች የሚስብ ትርኢት ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በ1989 ሚስኪና ሁለቱ ግብረ አበሮቹ ጥፋታቸውን አመኑ። ሚስኪ ዕድሜ ልክ፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው 20 ዓመት ተፈረደባቸው። በማመናቸው ግን ማስረጃ የሚዘረዘርበት፣ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ የሚፈተንበት የወንጀል ችሎት ሳይካሄድ ቀረ። ሕዝቡ ያየው ዋናው ችሎት በኦክቶበር 1990 የሙሉጌታ ቤተሰብ ያቀረበው የፍትሐ ብሔር ክስ ነበር። ጠበቃው ሞሪስ ዲስ ነበሩ። ክሱም ቶም ሜትዝገር ከካሊፎርኒያ ወኪል ልኮ ወጣቶቹን ለጥቃት አነሳስቷል የሚል ነበር። ሜትዝገር ያለ ጠበቃ ራሱ ተከራከረ፤ የመናገር ነፃነቴ ነው አለ። የዳኞች ጉባኤው 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈረደ። የድርጅቱ አቅም ተሰበረ፤ ሜትዝገርም ቤቱን አጣ።

የሚዲያው ትኩረት በሁለቱ ሰዎች ፍልሚያ ላይ ወደቀ፤ ጀግናው ጠበቃ በአንድ ወገን፣ የጥላቻ ሰባኪው በሌላ ወገን። ሜትዝገር በዚህ ቢያማርር የሚሰማው ጆሮ ሊያገኝ አይገባም ባይ ነኝ። ሙያው ቴሌቪዥን መጠገን የነበረው ይህ ሰው «ሬስ ኤንድ ሪዝን» የተባለ የራሱ የኬብል ፕሮግራም ነበረው። አፉን የዘጋው አልነበረም።

ከበድ ያለው ትችት የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ኤሊኖር ላንገር የተባለች ደራሲ በ2003 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ግድያው በመንገድ ላይ ጠብ የተጀመረ እንደነበርና ከሜትዝገር ጋር ያያያዘው ክር ችሎቱ እንዳቀረበው ጠንካራ እንዳልነበር ተከራከረች። ይህን ጥያቄ ማንሳት ሜትዝገርን መደገፍ አይደለም። አንድ ማስረጃ የምንጠላውን ሰው ስለሚጎዳ ብቻ የጠነከረ አይሆንም።

እኔን ግን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። «ጥላቻው ከካሊፎርኒያ መጣ» የሚለው ታሪክ ለፖርትላንድ ይመቻል፤ ከተማዋን ከደሙ ንጹሕ ያደርጋታል። ኦሪገን ጥቁሮች እንዳይሰፍሩባት የሚከለክል አንቀጽ በሕገ መንግሥቷ አስፍራ እስከ 1926 ያልሰረዘች ግዛት ናት። «ተራ የመንገድ ጠብ ነው» የሚለውም በተራው ይመቻል፤ የቆዳ ቀለሙ ለምን ሞት እንዳስከፈለው ሳይጠይቅ ያልፋል። በሁለቱም ትረካ ሙሉጌታ ስም ብቻ ነው። ከየት መጣ? ምን ያስብ ነበር? ልጁ ምን ሆነ? ከገዳዮቹ የጫማ ዓይነት ያነሰ ቦታ አግኝቷል።

እንግዲህ አድልዎ ማለት ውሸት መጻፍ ብቻ አይደለም። እውነቱን ይዞ ለማን እንደሚመች አድርጎ መቁረጥም አድልዎ ነው። ዛሬም እኛ የችሎት ዜና ስናነብ፣ የተነገረው ክስ ነው ወይስ በማስረጃ የተፈተነ ነገር? ብለን እንጠይቅ። ይህ ታሪክ ማንን ነፃ ያወጣል? የሞተው ሰውስ የት አለ? ወገናችን ሲከሰስም ሆነ ጠላታችን ሲከሰስ ጥያቄው አንድ መሆን አለበት። ሚዛን የሚፈተነው ያኔ ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ፖርትላንድ እሱ በወደቀበት ሰፈር የመንገድ ምልክቶች ላይ የሙሉጌታን ስም ሰቀለች። በእንግሊዝኛና በአማርኛ።